ለሙሽራ የማይነገር

የካምፕ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የተኛ አባት እንዴት እንደሚቀሰቀስ ይማራል። በእኛ ቤት ሥራው የእኔ ነበር። ከበሩ መቃን ጀርባ እቆምና የመጥረጊያውን ረጅም እንጨት ወደ ውስጥ ሰድጄ የአልጋውን የብረት እግር ጠቅ ጠቅ አደርጋለሁ፤ ከዚያ «ሃምሳ አለቃ! ሰላም ነው!» እላለሁ። «አባዬ» አይባልም። «አባዬ» ስንለው ወይ አይሰማም፣ ወይ ክፉኛ ይሰማል። በማዕረጉ ሲጠራ ግን ብድግ ይላል። ዓይኑ መጀመሪያ በሩን ያያል፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ በመጨረሻ እኔን። እኔን እስኪያገኝ ድረስ ከመቃኑ ጀርባ መውጣት ክልክል ነው። ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ያስተማረችኝም ሌላ እናት ልጇን እጅ ማስታጠብ በምታስተምርበት ድምፅ ነው።

ይህ የሆነው ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር በተደረደሩት የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ነው። ወንዶቹ ከሰሜኑ ጦርነት ተርፈው የመጡ ናቸው። ከየአገሩ የተሰበሰቡ፣ ወሎዬው ከወላይታው፣ ጎጃሜው ከሐረሩ ጋር ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ። አንድ የሚያደርጋቸው መለዮውና እንቅልፋቸው ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዘዴ ነበረው። ጎረቤታችን ባሏን የምትቀሰቅሰው በጣሳ ላይ ማንኪያ እየመታች ነው። ከሷ ቀጥላ ያለችው ደግሞ በመስኮት በኩል የበቆሎ ፍሬ ትወረውራለች። እኛ ልጆች እንደ ጨዋታ እናወዳድር ነበር፤ የማን አባት በምን ይነሣል እያልን። ሲያስቀን አስታውሳለሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ለአንድ ሰው ብቻ አይነገርም ነበር፤ ለሙሽራ። ከአገር ቤት የምትመጣ ሙሽራ አይነገራትም። ቢነገራት በመጣችበት መኪና ትመለሳለች፤ የወንድየውም ስም ይጠፋል፣ የጋብቻውም ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ዝም ይላል። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። ሙሽራዋ ራሷ ትድረስበት ነው ነገሩ። አንዷ በጥፊ ትደርስበታለች፣ አንዷ በክርን፤ አንዳንዷም ደግሞ ዕድል ቀንቷት ባሏ ሲጮኽ ትሰማና በራሷ ጊዜ ትማራለች።

እናቴ ታናሽ እህቷን ከወሎ ያስመጣቻት የአባቴ ጓድ ለሆነ አንድ አስር አለቃ ልትድራት ነው። ጭምት፣ የአገር ልጅ፣ መጠጥ የማይወድ፤ እናቴ መርጣ መርጣ ያገኘችው ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። አክስቴ በሻሸመኔ በክብረ መንግሥት አድርጋ፣ ቀይ አቧራ እስከ ሽፋሽፍቷ ጠጥታ ስትደርስ ከአውቶቡሱ የወረደችው እየሳቀች ነበር። ጥርሷ ያምር ነበር። ሙቀቱን እንኳ ስትረግም እየሳቀች ነው፤ «እትዬ፣ እዚህ አገር ፀሐይዋ ጎረቤት ናት እንዴ?» አለቻት እናቴን። ከእኔ በዕድሜ ብዙ ስለማትርቅ ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ፈነጠዝኩ።

ሠርጉ ትንሽ ነበር። ድንኳን ከጦር ሰፈሩ በውሰት መጣ፣ ፍየል ታረደ፣ ዋናው እሱ ነው። ከሠርጉ በኋላ አክስቴ የውሃ ቦቴው ሲመጣ ከሴቶቹ ጋር ጄሪካን ይዛ ትሰለፍ ጀመር። ሴቶቹ ፊቷን ያያሉ፤ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። አንዷ፣ ያቺ በጣሳ የምትቀሰቅሰው፣ «ሙሽሪት ገና አልቀሰቀሰችውም፤ ፊቷ ደህና ነው» ትላለች። ሁሉም ይንከተከታሉ። አክስቴም ሳይገባት አብራ ትስቃለች፤ ሌላ ነገር የሚሉ መስሏት እያፈረች። እናቴ እዚያው አጠገቧ ቆማ ነበር። እናቴም ስቃለች።

እኔ እናቴን ጠይቄያታለሁ። «ነገርሻት?» አልኳት ሽንኩርት ስንልጥ። ጭኔን ቆንጥጣ ያዘችኝ፤ ቁንጥጫዋ ቆዳ ይዞ የሚመጣ ዓይነት ነበር። «የሰው ትዳር ውስጥ ምን ያገባሻል? አፍሽን ያዢ!» ካለችኝ በኋላ ለራሷ በሚመስል ድምፅ «ትደርስበታለች፤ እኔ ማን ነግሮኝ?» አለች። ያኔ አልገባኝም። የእናቴ ግራ ጆሮ ለምን እንደማይሰማ እስከዚያን ቀን ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የደረሰባት አንድ ቀን ቀትር ላይ ነበር። የነገሌ ቀትር ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ነው፤ ወንዶቹ ከግዳጅ መልስ ጋደም ይላሉ። ባሏ ሰዓት አሳልፎ እንዳይቀጣ አስባ፣ እጇን በውሃ አቀዝቅዛ፣ ግንባሩ ላይ አሳረፈችለት። በቃ ይኸው ነው ያደረገችው። ጩኸት አልሰማንም። የሰማነው የእሱን ድምፅ ነው፤ «ውይ! ውይ! ውይ!» የሚል፣ የትንሽ ልጅ የመሰለ። ሮጠን ስንደርስ እሷ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ አገጯን በሁለት እጇ ይዛለች። አገጯ ቦታውን ለቆ ወደ ጎን ሄዷል። እሱ ፊቷ ተንበርክኮ ሊነካት እየፈለገ እጁን እየሰበሰበ ያለቅሳል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መጻፍ ያናድደኛል፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቀለኝ ነበር። ግን አልነበረም።

ሐኪም ቤት እናቴ «ከደረጃ ወድቃ ነው» አለች። ሰፈራችን ውስጥ ደረጃ ያለው ቤት የለም። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ የአክስቴን መንጋጋ በፋሻ እስከ ጭንቅላቷ ጠቅልሎ አሰረው። ለረጅም ጊዜ አፏ አይከፈትም ነበር። በግራ በኩል በወለቀው ጥርሷ ክፍተት አጥሚት በማንኪያ እያፈሰስኩ የማጎርሳት እኔ ነበርኩ። ግማሹ በአንገቷ ይወርዳል። መናገር ስለማትችል በጣቷ መንገዱን ታሳየኛለች፤ ከዚያ ደረቷን፤ ከዚያ እንደገና መንገዱን። አገሬ ልግባ ማለቷ ነው። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ «በዚህ ፊቷ? ወላጆቼ ምን ይሉኛል?» አለች።

ወተት የምታመጣልን አንዲት የቦረና ሴት ነበረች። የወተት ጮጮዋን እንዳዘለች በር ላይ ቆማ «አካም፣ ናጋ?» ስትል አክስቴን አየቻት። ጮጮውን አወረደችና ሳትጠየቅ ገብታ አገጯን በጣቶቿ ጫፍ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ፣ «ወንድ ነው?» አለች። እናቴ የወተቱን ዕቃ አቀረበችላት። «እኛ ጋ የሴት ደም ሲፈስ ሴቶች ሲቄ ይዘን እንወጣለን» አለች። ሲቄ ሲያገቡ የሚሰጣቸው በትር ነው። «በር ላይ እንቆማለን። ወንድ አያልፍም፣ ከብት አይወጣም፣ ነገር እስኪያልቅ። እኔ ልጥራ? ዛሬ እመጣለሁ።» ቀልድ አልነበረም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ነበር። አክስቴ ከመደቡ ላይ ቀና አለች። ዓይኗን አልረሳውም፤ ከተመታች ወዲህ ሰው ሲቆምላት የመጀመሪያው ነበር።

እናቴ ግን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው የኔ እናት፤ እኛ ሽማግሌ አለን» አለቻት። የወተቷ ሴት ነጠላዋን ከወገቧ ፈታችው። «ቶሌ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ወተቱን ለክታ ቀዳችና ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ወተት የምታመጣልን ሌላ ሴት ሆነች።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግራሩ ሥር ተቀመጡ። አባቴ አለበት፣ አንድ ቄስ አሉበት፣ አንድ በጡረታ ላይ ያሉ የድሮ ወታደር አሉበት። አክስቴን ከፊታቸው ጉቶ ላይ አስቀመጧት፤ ፋሻዋ ላይ ነጠላ ተደርጎላት። ባሏ ከዳር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ጡረተኛው ጠየቋት፦ «ልጄ፣ ተኝቶ ሳለ ነክተሽዋል?» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ከእግሩ ነው ከራሱ?» ግንባሯን ነካች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ከራሱ!» አሉ ቄሱ፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። ለምን ነካሽው፣ ምን ብለሽ ነካሽው፣ ሌላ መንገድ አጣሽ ወይ እየተባለ ፀሐይዋ ዞረች። እሱን አንድም ጥያቄ የጠየቀው የለም። ሲተኛ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚይዘው፣ እዚያ ምን አድርጎ እንደመጣ፤ ማንም። አባቴ ሊጠይቀው ይችል ነበር፤ አብረው ነው የነበሩት። አባቴ አፈር በእንጨት ይጭር ነበር።

በመጨረሻ ጡረተኛው ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺስ? ታላቋ ነሽ። ነግረሻት ነበር ወይስ አልነገርሻትም?»

የሁሉ ነገር መዝጊያ ይህ ነበር። እናቴ «አልነገርኳትም» ካለች ጥፋቱ የእሷ ነው፤ አክስቴም ካሳዋን ይዛ አገሯ ትገባለች። «ነግሬያታለሁ» ካለች ጥፋቱ የአክስቴ ነው፤ አጥፊ ደግሞ ይቅርታ ጠይቆ ቤቱ ይገባል። አክስቴም ይህን ታውቃለች። እናቴን ዓይን ዓይኗን ታያት ነበር።

እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ያዘች። «በዚህ መስቀል! ነግሬያታለሁ አባቶቼ፤ የዛሬ ልጅ የታላቅ ቃል መቼ ትሰማና!» አለች።

አክስቴ ከጉቶው ብድግ አለች። ከፋሻው ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ የታፈነ፣ የላም ዓይነት። እጇን ወደ እናቴ ዘርግታ ደጋግማ አሰማችው። ቄሱ ቶሎ ተነሥተው ትከሻዋን ያዙና «አታልቅሺ ልጄ፤ ጥፋትን ማመን የጨዋ ልጅ ነው። ያለፈ አለፈ» አሉ። ድምፁን ጸጸት አደረጉላት። ከዚያ ድንጋይ አመጡና አንገቷ ላይ ጫኑባት፤ ተሸክማ ባሏ እግር ሥር ሄደች። እሱ ገና ሳትደርስ ሮጦ ከአንገቷ ላይ አነሣላትና እያነባ አቀፋት። ሴቶቹ እልል አሉ። ያቺ በጣሳ የምትቀሰቅሰው ከሁሉም በላይ እልል አለች።

ከዚያ በኋላ ተሸሸግን እንጂ ኖርን ማለት ይከብደኛል። አክስቴ ፋሻዋ ሲፈታ አገጯ ወደ ግራ ተጣሞ ቀረ። ስታኝክ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከእናቴ ጋር ዕቃ ይዋዋሳሉ፣ አብረው ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ስለዚያ ቀን ግን እስከ እናቴ ሞት ድረስ ቃል አልተለዋወጡም። ባሏ ከዚያ ወዲህ የሚተኛው ማድ ቤት፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ነው። ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁም እንደ እኛው በር ላይ ቆሞ መጥራትን ተማረ።

እኔ ተማርኩና ሥራ የያዝኩት በዚሁ ነገር ሆነ። ፊልቱ፣ ተልተሌ፣ ዶሎ ኦዶ እየዞርኩ በየአዳራሹ ስለ ጥቃት መከላከል አሠለጥናለሁ። ግድግዳው ላይ ጨርቅ ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ እኔ ነጭ ወረቀት ላይ ክብ እስላለሁ። «የተደበቀ ቁስል አይድንም፤ ንግግር ይፈውሳል» እላለሁ። ተሰብሳቢው ያጨበጭባል፤ ቀጥሎ ምሳ ነው። ዶሎ ኦዶ ላይ አንዲት ከድንበር ማዶ የመጣች ሴትዮ የደረሰባትን ሁሉ በአስተርጓሚ ነገረችኝ። ስትጨርስ አስተርጓሚውን ጎሸም አድርጋ አንድ ነገር አስከተለች። «ይኸው ነገርኩሽ፤ አሁንስ? ነው የምትለው» አለኝ። ውሃ አቀበልኳት።

ሆኖም በአንድ ነገር አምን ነበር። አክስቴ ያኔ ቢነገራት ኖሮ እጇን በውሃ አታቀዘቅዝም ነበር፤ በር ላይ ቆማ ትጠራዋለች፣ አገጯም አይጣመምም፣ ትዳሯም በሰላም ይቀጥላል። ሰው እውነቱን ካወቀ ይቆያል እል ነበር። እዚህ እምነት ላይ ነው ኑሮዬን የሠራሁት።

የአክስቴ ልጅ ጢሙ ሳይሞላ ወታደር ሆነና ወደ ኋለኛው ጦርነት ዘመተ። አባቱ ልጁ ከመመለሱ በፊት በሕመም ሞተ። ልጁ በአካሉ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ፤ እልልታውም ለዚያ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ፊልቱ ሳለሁ ስልክ ደወለልኝ። አንዲት የክብረ መንግሥት ልጅ፣ እዚያው ነገሌ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ሊያገባ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ። «እህቴ፣ እናቴ የምተኛበትን ክፍል በር ከውጭ ትቆልፍብኛለች፤ እኔ ነኝ ቆልፊብኝ ያልኳት። ይህን ልጅቷ አታውቅም። ልነግራት እየሄድኩ አፌ አይታዘዝልኝም። የአንቺ ሥራ ይኸው አይደል? ንገሪልኝ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዳልገድላት» አለ።

በማግሥቱ በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍሬ ነገሌ ገባሁ። አክስቴ በር ላይ አገኘችኝ። ልጇ ነግሯት ነበር። «ለዚህ ከሆነ የመጣሽው ተመለሺ» አለችኝ፤ ሳንሳሳም።

«እሱ ራሱ ነው የጠራኝ» አልኳት።

«እሱ ልጅ ነው። ልጅቷ ደግ ናት፤ ትለምደዋለች።»

«አንቺ ለመድሽው?»

«ለመድኩት» አለች፤ አገጯ ቀጭ አለ።

ያን ጊዜ ንዴቴ ወጣ። «እናቴ ያደረገችብሽን ልትደግሚው ነው!» አልኳት ጮክ ብዬ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። ወደ ውስጥ ገብታ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር።

ልጅቷን ጭማቂ ቤት ወሰድኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ እንቅልፉን፣ ቁልፉን፣ የአማቷ አገጭ የተጣመመው ከደረጃ ወድቃ እንዳልሆነ። ጭማቂዋን ሳትነካ ሰማችኝ። አላለቀሰችም። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው እንደሚጠይቀው ጠየቀችኝ፤ ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ፣ መድኃኒት አለው ወይስ የለውም፣ ይሻለዋል ወይ። የማውቀውን መለስኩላት፤ ሕክምና እንዳለ፣ ሩቅ እንደሆነ፣ ጊዜ እንደሚፈጅ፣ እሱ ፈቃደኛ እንደሆነ። ደህና እየሄደልኝ መሰለኝ። ከዚያ፦

«እትዬ፣ ልጅ ብንወልድስ?» አለችኝ። «ሕፃን ልጅ የተኛ አባቱ ላይ ቢወጣስ? ልጅ ይወጣል እኮ።»

«ልጅ ይማራል» አልኳት። «ከበር ላይ ሆኖ መጥራት ይማራል። እኔ እንደዚያ ነው ያደግሁት።»

ይህን ያልኩት ላጽናናት ነው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ሐኪም ቁስል እንደሚያይ። «አዝናለሁ» አለችኝ፤ ለእኔ ነበር ያዘነችው። በማግሥቱ ጠዋት በአውቶቡስ አገሯ ገባች። ለእሱ በስልክ ነገረችው፤ ሳትዋሽ፣ ሳትሳደብ። እሱም «ነገርሻት? አንድም ሳትደብቂ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «ጥሩ አደረግሽ» አለና ክፍሉ ገባ። በሩን ከውስጥ ሲቀረቅረው ሰማሁ፤ ለምሳም ለእራትም አልወጣም።

አክስቴ ግቢው ውስጥ ኩርሲ ላይ ተቀምጣ ለሠርጉ ያዘጋጀችውን በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

«ሄደች?» አለችኝ።

«ሄደች።»

«በጠዋቱ አውቶቡስ?»

«በጠዋቱ።»

እርግማን ጠበቅሁ። ልጄን ገደልሽው እንድትለኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልስም አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን በርበሬውን ተወችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«እኔም ቢነገረኝ እሄድ ነበር» አለች። «እናትሽ ይህን አውቃለች። ያልነገረችኝ ለዚህ ነው። ቢነገራት ትቆይ ነበር ትያለሽ አሉ፣ በየአዳራሹ። እኔ ቢነገረኝ ያን ቀን፣ በዚያው መኪና፣ አቧራዬን ሳላራግፍ ነበር የምመለሰው። ይህ ቤት አይኖርም ነበር። ያ ልጅም አይኖርም።»

«እና ለልጅቷ ባይነገራት ይሻል ነበር?» አልኳት።

«ማን እንደዚያ አለሽ?» አለች። «እሷ ምንሽ ናት? ባዕድ ናት። ለባዕዷ ከፊልቱ ድረስ መጣሽላት። ለእኔ ከዚያ ማዶ ቤት እንኳ ማን መጣልኝ?»

እያለቀሰች ነበር። ፊቷን አየሁት፤ ቁጣ መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። ቅናት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ልጇ ተዘግቶበት ሳለ አክስቴ የምታለቅሰው ለልጇ አልነበረም። ለዚያች በጠዋቱ አውቶቡስ ለሄደችው ልጅ ዕድል ነበር የምታለቅሰው።